ያልተጻፈው የክልል ነው

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። ወናጎ ውስጥ ሥነ ዜጋ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ትምህርቱን ይዘውት ቤት ገቡ። ቡና መሸጥ የፌዴራል ነው፣ ማለትም የእሳቸው። እንሰቱ ደግሞ የክልል ነው፤ ክልሉ ባለቤታቸው እትዬ ናቸው።

አንድ ቀን እንግዳ መጣብኝ ብለው እትዬን ሳያማክሩ እንሰት ቆረጡ። እትዬ ገጀራውን ከእጃቸው ተቀብለው፣ «ፌዴራሉ ጣልቃ ገባ እንዴ?» ቢሏቸው ከት ብለው ሳቁና ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ቀስረው፣ «ለማን እንደሆነ ያልተጻፈ ሥልጣን የክልል ነው» አሉን። ይቺን ሳይሏት የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

እስከ ትናንት በረንዳው ላይ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ከለቅሶው ወዲህ ማናችንም አልተቀመጥንበትም ነበር።

ትናንት ቡና ገዢው መጣና ማንን እንደሚያነጋግር ግራ ገብቶት ቆመ። ወንዶች ልጆቻቸው ተያዩ። ጋሼ ከእሳቸው በኋላ ቡናውን ማን እንደሚሸጥ አልተናገሩም። እትዬ እንሰት ሲፍቁ ቆይተው እጃቸውን እየጠራረጉ መጡ፤ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ልክ እንደ ጋሼ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ያልተጻፈው የክልል ነው። በል አረፍ በልና እንነጋገር።»