ገልብጦ የተቆጠረ ትውልድ

ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈውን ነበር ላስተምር የተነሳሁት። የመጀመሪያው ወንጌል እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ሲጀምር፣ አብዛኛው አንባቢ ገጹን ገልጦ ወደ ልደቱ ይሮጣል። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ይቅርብሽ ያሉኝን ካልነካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ቅዳሜ ከለቡ ታክሲ ይዤ ስሄድ፣ ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ሲጣራ አብሬው ልጮህ ይቃጣኝ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ የምናጠናው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ አዛውንት ሳሎን ነው። ከሐዲያ የመጡ ናቸው፤ አባቶቻቸውን መቁጠር ከጀመሩ የሚያስቆማቸው የለም። በእነሱ ዘንድ ልጅ ይህን ሳያውቅ አያድግም፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። መከራውም የመጣው ከዚህ ነው። ልጃቸው አብራን የምታጠና አንዲት ወጣት ወዷል፤ እሷም ትወደዋለች። አባትየው ግን «አጥንቷን የማትቆጥር ቤቴ አትገባም» ብለው ሽማግሌ መላኩን ከልክለዋል። ልጅቷ ወላጆቿን አታውቅም፤ ያሳደጋት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ጫማ የሚሰፋ ሰው ነው።

ደረጃው ላይ አገኘችኝና «ከዛሬ በኋላ አልመጣም፣ እንዳትቀየሚኝ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ዛሬ የዘር ቆጠራ ላስተምር? ሌላ ቀን ጠፍቶ? ግን የቆጠራውን መጨረሻ አውቀዋለሁና ልቤ በደስታ መዝለሉን አልተወም። እጇን ይዤ አስገባኋት፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ማን ያንብብልን?» ስል አዛውንቱ ከሁሉ ቀድመው መነጽራቸውን አጠለቁ። መቁጠር የሳቸው ሙያ ነዋ! ብዙም ሳይሄዱ ግን ቀና አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ገልብጦታል! ሰው ከራሱ ጀምሮ ወደ አባቱ ይወጣል እንጂ፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንዴ?»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። «ግድ የለም አባባ፣ ይውረዱ፤ እንከተልዎታለን» አልኳቸው።

ወረዱ። እያንዳንዱን ስም የራሳቸው ዘመድ ይመስል እያጣጣሙ ወረዱ። መሐል ላይ ሴት፣ ያውም ባዕድ፣ ስትገባባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ። እኔ የሚመጣውን ስለማውቅ መቀመጥ አቃተኝ። በመጨረሻ የድንግሊቱ እጮኛ አናጺው ጋ ደረሱና ቆሙ። ተመልሰው አነበቡት።

«እሱ እኮ ጌታን አልወለደውም» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ትውልድ በማን በኩል ተቆጠረ አባባ?» ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

«ባሳደገው» አሉ።

መነጽራቸውን አወለቁና ወደ በሩ ዞሩ።

«ልጄ፣ አሳዳጊሽ አባቶቹን ነግሮሻል?»

ልጅቷ ብድግ አለች። «ነግሮኛል አባባ። ጫማ እየሰፋ ያስቆጥረኝ ነበር።»

«እስቲ ቁጠሪ።»

ጀመረች። መጀመሪያ በዝግታ ነበር፣ ኋላ ግን ድምፅዋ እየጠራ ሄደ። ከራሷ ወደ ጫማ ሰፊው፣ ከጫማ ሰፊው ወደ አባቱ፣ ከአባቱም ወደ አያቱ እያለች ወጣች። አዛውንቱ በእያንዳንዱ ስም ጣታቸውን እያጠፉ አብረዋት ወጡ። እኔ እንባዬን መግታት አልቻልኩም፤ ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

ስትጨርስ ተነስተው ወደ እሷ ቀረቡ።

«አባትሽን» አሉ፣ «ነገ ቤት አገኛቸዋለሁ?»

እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ያገኟቸዋል!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።