በእጄ የገፋሁት አረንጓዴ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ ማቃጠል ጀምራ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ የምሠራበት ገበያ፣ እህል በረንዳ፣ አሮጌ ጆንያ ጠፍቶ ነበር። እኔ ጆንያ ጠጋኝ ነኝ፤ ወስፌና ሲባጎ ይዤ ነው ያረጀሁት። ፊደልም ቢሆን ጆንያ ላይ ካለ ጽሑፍ ነው የለቀምኩት። እናም በአንድ የእህል መኪና ተሳፍሬ ሐይቅ ዳር ወዳለች ከተማ ጆንያ ልገዛ ወረድኩ።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ ሹፌሩን አስቁሜ ለሶላት ልታጠብ፣ ውዱ ላደርግ፣ ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ነፋሱ አንድ አረንጓዴ ነገር ገፍቶ ዳሩ ላይ አከማችቶታል። ቀለም የተደፋ ይመስላል፤ ይሸታልም።

«ጋሼ፣ ሐይቁ ጎመን ቀቅሎ ጠበቀዎት» አለ ሹፌሩ፣ ከመኪናው ሳይወርድ።

እኔ ደግሞ ከባልዲ ላይ ገለባ እንደሚገፋ ሰው በእጄ ገፋ ገፋ አደረግኩትና ከሥሩ ዘገንኩ። የጠራ መሰለኝ። ልጉመጠመጥ አፌ እንዳስገባሁት ከኋላዬ ሴት ጮኸች።

«አባባ፣ ይትፉት! እንዳይውጡት!»

ተፋሁ። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ጀሪካን ያዘለች ሴት ናት።

«ላዩን ገፍቼዋለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«መርዙ ውሃው ውስጥ ነው፤ ቢገፉት የት ይሄዳል? ጊደሬ ከዚህ ጠጥታ እዚያው ወድቃ ሞተች።»

«ቢፈላስ?»

«ቢፈላም አይለቅም። የጤና ሠራተኞች ነግረውናል፤ አልጌ ነው የሚሉት። እንዲህ ሲሆን እኛም አንነካው፣ ከብትም አናስጠጋ።»

ትንሽ ሳልውጥ አልቀረሁም፤ በሰው አገር ብወድቅ ማን ያነሳኛል ብዬ ፈራሁ። እሷ ጀሪካኗን አውርዳ አፌን አጉመጠመጠችኝ፣ እጄን እስከ ክርኔ አጠበችኝ። ውሃውን ከሩቅ ቦኖ እንደተሸከመችው ስትነግረኝ አፈርኩ።

«በቃ ልጄ፣ ጨረስሽው። ለቤትሽ ይትረፍ።»

«ሶላትዎስ? ሙስሊም ጎረቤቶቼ ውሃ ሲቸግር በአፈር ያደርጋሉ፤ እርስዎ አይችሉም?»

ተየሙም! ከልጅነቴ የማውቀውን በድንጋጤ ረስቼው፣ ባለ ማተቧ አስታወሰችኝ። ደረቅ አፈር ላይ መዳፌን አሳርፌ፣ ፊቴንና እጄን አብሼ ሰገድኩ።

ሹፌሩ ከተማ ገብቶ ጆንያውን ጭኖልኝ እስኪመለስ አጠገቤ ተቀመጠች። «ካመመዎት ጤና ጣቢያ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለችኝ። እጄን አሳከከኝ እንጂ ሌላ አልመጣም፤ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ጎረቤቶቼ ወደ ሐይቅ ሽርሽር ሲወጡ፣ «ውሃው አረንጓዴ ከሆነ አትግቡ፤ ገፍቼ ከሥሩ እቀዳለሁም አትበሉ» እላቸዋለሁ። ከማን እንደሰማሁት ይጠይቁኛል። ስሟን ነግራኝ ነበር፤ ዕድሜ ወሰደብኝ። ስለዚህ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፦ ጊደሯ የሞተችባት፣ የቦኖ ውሃዋን በእጄ ላይ ያፈሰሰች ሴት።