የወባው ሰው ጓንት

ጓንቱን አንስቼ አሸተትኩት። ዑመር ሳቀብኝ። ዑመር ቆቦ አስፋልቱ ዳር የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከጎማና ከቤንዚን ሽታ በቀር ሌላ አየር የለም።

«አባባ፣ ጓንት እኮ እንደ በርበሬ አይሸተትም» አለኝ።

ይሳቅ። አንደኛው ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፤ ሌላው ቀለም ይሸታል። ከመደርደሪያው ሥር፣ አቧራ ከጠጣ ካርቶን ውስጥ ያወጣው አንዱ ብቻ ቆዳ ቆዳ አለኝ። ዘይት የነካው፣ ደህና ተደርጎ የተለፋ ቆዳ። ያ ሽታ ነው እዚያው በቆምኩበት ጋሽ ጌታሁንን ያመጣብኝ። ስንት ዘመን ስሙን አንስቼው አላውቅም ነበር።

ሱቁ የሄድኩት ለራሴ አይደለም። የልጄ ልጅ ሰናይት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። መሥሪያ ቤቷ ሞተር ሰጥቷታል። ከቆቦ ሮቢት፣ ከዚያም አስፋልቱን ለቃ ቆላ ቆላውን ትዞራለች፤ ፍየል ትከትባለች፣ ምጥ የጠናባትን ላም ታዋልዳለች። ሰሞኑን የቀኝ እጇን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ደረቅ ወንዝ ስታቋርጥ ሞተሩ አንሸራቶ ጥሏት መዳፏ ተልጧል።

«ጓንትሽስ?» አልኳት።

«አታድርጊ ተብዬ ነው፣ አባባ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶላት፣ እሷም ሞተሯ ላይ እንዳለች በጓንቷ ጨብጣዋለች። ሰውየው ጓንት የሚያውቀው ላም ሆድ ውስጥ እጇን ስትከት ነው። «እኛን እንደታመመች ላም በጓንት ትነካናለች» ብሎ ከሰሳት። አለቃዋ ደግሞ ጠርቶ «ሕዝቡን አክብሪ፣ ጓንቱን ተይው» አላት። እሱ ሕዝቡን የሚያከብረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ወንበር ደግሞ ሰው አይጥልም።

ደሜ ፈላ። የፈላው በዚያ ገበሬና በዚያ አለቃ ብቻ አይደለም። ይህን ነገር እኛ አንድ ጊዜ አይተነዋል። አይተን፣ ሰው ተጎድቶበት፣ ተምረን ነበር። እንዴት ይረሳል?

ጋሽ ጌታሁን የወባ ሰው ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ ልጅ ነኝ። ዝናቡ አልፎ ማሽላው ማሸት ሲጀምር በኛ ቆላ ከየቤቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጠፋም ነበር። ታናሽ እህቴን የወሰዳት ወባ ነው። መንግሥት ግድግዳ የሚረጭ መድኃኒት ላከ። የሚረጩት ሰዎች ፓምፓቸውን ይዘው በመኪና ይመጣሉ፤ ጋሽ ጌታሁን ግን በሞተር ቀድሞ ይገባና ቤቱን እያየ ባለቤቱን ያስማማል። ማስማማቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መድኃኒቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ጭቃውን ግድግዳ ነጭ በነጭ ያደርገዋል፣ ድመቶቻችንንም ጨርሶብናል።

ሳይታይ ድምፁ ይመጣል። ከወንዙ ማዶ፣ ከበለሱ አጥር ጀርባ፣ ድው ድው ድው እያለ። ማማ ላይ ሆነን ወፍ ስንጠብቅ ወንጭፋችንን ጥለን እንወርዳለን። ሞተሩ ጥቁር ነው፤ ከኋላው የቆርቆሮ ሣጥን ታስሮበታል። እሱ በዚያ ሐሩር ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ ቦቲ ተጫምቶ፣ ዓይኑ ላይ ባለ ላስቲክ መነጽር አድርጎ፣ እስከ ክርኑ የሚደርስ ቡናማ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ይመጣል። ሰው ይስቅበት ነበር። «ይሄ ሰውዬ በሙቀት ይበስላል» ይሉታል። «መብሰሉ ይሻላል፣ ከመፈጨት» ይላል እየሳቀ። ቀልደኛ ነበር። መነጽሩን ሲያነሣ ዓይኑ ዙሪያ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ የቀረው ፊቱ አመድ ነው። እንደ ጦጣ።

የኛ ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እጅ ተጨባብጦ፣ ትከሻ ተጋጭቶ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቆ ነው። ጋሽ ጌታሁን ሰው ባገኘ ቁጥር ይቆማል። ጓንቱን ጣት በጣት ይጎትታል፤ ላብ አጣብቆት እምቢ ያለው እንደሆነ በጥርሱ ነክሶ ያወልቃል። ሰላም ብሎ ይለብሳል። ጥቂት ሄዶ ሌላ ሰው ነው፤ እንደገና ያወልቃል። የገበያ ቀን ቆቦ ለመድረስ ቀኑ ይመሽበት ነበር። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም።

አንድ ቀን ግን አላወለቀም።

አባቴ አባጋር ነበር፤ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ። ከወንዙ አፋፍ ላይ ካለችው ዋርካ ሥር ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጧል። ጋሽ ጌታሁን ዳገቱን ሳይጨርስ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ሞተሩን አንድ እግሩን መሬት ተክሎ አቆመው። አባቴ ተነሥቶ እጁን ዘረጋለት። እሱም አንዱን እጁን ከመሪው አላቅቆ፣ ጓንቱን እንደለበሰ፣ ሰጠው። ሌላው እጁ ፍሬን ይዟል፤ ቢለቀው ሞተሩ ቁልቁል ሊሄድበት ነው።

አባቴ እጁን ሰበሰበ። «መርዝ በምትነካበት ነው እኔን የምትጨብጠኝ?» አለው።

«አባቴ፣ ዳገት ላይ ሆኜ ነው። ደልደል ያለው ላይ ልውጣና...»

«እንግዲያው ሞተርህን ጨብጥ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኛም ልጆቹ አብረን ሳቅን። ጋሽ ጌታሁን አልሳቀም።

ይህች ነገር ወሬ ሆና ከመንደር መንደር ዞረች። አባጋሩን በጓንት ናቀው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ሲመጣ ሴቶቹ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ወንዶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለ አንድ ጓንት በራቸውን ለጌታሁን ዘግተው ለወባ ከፈቱት። ልጅ የቀበረ ሰው፣ የራሴ አባት፣ ከልጁ መቃብር ይልቅ ክብሩ ታየው።

ጋሽ ጌታሁን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። በሌላ ጊዜ ሲመጣ ጓንቶቹን አውልቆ መሪው ላይ አስሯቸዋል። በባዶ እጁ ነው የሚነዳው። እናቴ አየችና «እጅህ አይጎዳም፣ ልጄ?» አለችው።

«ይጎዳ፣ እናቴ። ብቻ ቤቱ ይከፈትልኝ።»

ተከፈተለት። ግድግዳው ሁሉ ነጣ። በዚያ ዓመት ከኛ ደጃፍ ሬሳ አልወጣም።

የወደቀው ርጭቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የጎሊናን ወንዝ አሸዋ ጨርሶ ኮረቱ ላይ ሲወጣ ድምፁ ጮኸና ድንገት ቆመ። ማማ ላይ ነበርኩ። ትላልቆቹ ሮጡ፤ እኔም ተከተልኩ። ሲወድቅ መቼም ሰው እጁን ነው የሚያስቀድም። በመዳፉ ድንጋዩ ላይ ተንሸራቷል። የቀኝ መዳፉ ሥጋው ወጥቷል፤ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ዞሯል። ጓንቶቹ እዚያው መሪው ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዲት ጭረት አልነበረባቸውም። አባቴ መጥቶ ጓንቶቹን ትክ ብሎ ሲያይ አስታውሳለሁ። ቃሬዛውን የተሸከመው ራሱ ከፊት ሆኖ ነው፤ ዋናው መንገድ አድርሰው በጭነት መኪና ወደ ወልድያ ላኩት።

በዓመቱ ተመለሰ። በመኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ። ከእንግዲህ ሞተር አይነዳም። የቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ቀርቷል። አባቴ ከዋርካዋ ሥር ተነሥቶ ሄደና እጁን ዘረጋለት፤ ዘርግቶም ደነገጠ፤ የሚጨበጥ እጅ የለማ። ጋሽ ጌታሁን ጭብጡን ወደ ታች አጠፈና ክንዱን ሰጠው፤ ማዕድ ላይ ያለ ሰው እጁ ወጥ ሲሆን እንደሚያደርገው ማለት ነው። አባቴ ክንዱን በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። ይቅርታ አላለም። በዚያ ዘመን አባጋር ይቅርታ ያስብላል እንጂ አይልም። ግን ተመልሶ ተቀመጠና ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለ፦ «ሞተር ላይ ያለ ሰው እጁ የመሪው ነው። ሰላም የሚል ክንዱን ይያዝ።» የተከራከረው የለም። በኛ አገር ስንት ዘመን እንዲያ ሆኖ ኖረ።

ሽማግሌዎቹ አለቁ፤ ክፉ ዘመንም መጣ፤ ሰው ተበተነ። የዛሬዎቹ የት ያውቁታል? ዛሬማ ጎረምሳው ሁሉ ሞተር አለው። ሄልሜቱን ትራፊክ ሲያይ አናቱ ላይ ይጥላል፤ ትራፊኩን ሲያልፍ ክርኑ ላይ ያንጠለጥላል። በክርኑ ነው እንዴ የሚያስበው?

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ዑመር ጣት የሌለው፣ የራስ ቅል የተሳለበት ጥቁር ነገር አመጣልኝ። «ይሄ ፋሽን ነው» ይላል። ጣቷ ትርፍ ነው? ሌላ አመጣ፣ ጣት ያለው። ይዤው ወጣሁና ከደጁ ሲሚንቶ ላይ ፈተግ ፈተግ አደረግኩት። መዳፉ እንደ ቆቅ እንቁላል ቅርፊት ረገፈ።

«ኧረ በአላህ! እቃዬን ገደሉት እኮ፣ አባባ!»

«እኔ ነኝ የገደልኩት? ይሄን አድርጋ ብትወድቅ ከእጇ ቀድሞ የሚላጥ ጓንት ትሸጣለህ?»

አብራኝ የመጣችው ሰናይት አፍራ ፊቷን ሸፈነች። ወደ ካርቶኑ ተመለስኩ። የቆዳው ጓንት መዳፉ ላይ ድርብ ነው፣ አንጓው ላይ ጠፍር አለው። በደህናው እጇ አጠለቀችው። ጨብጪ አልኳት፤ ጨበጠች። ደጅ ወጥታ የራሷን ሞተር ፍሪሲዮን ሳበች፤ ጣቷ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ አልተረፈም። ሄልሜትም አገጭ ድረስ የሚሸፍን፣ የጉልበት መከላከያም አስመረጥኩ። ዑመር መጨረሻ ላይ ሳቅ ይዞት «ወላሂ፣ እርስዎን ሱቄ ላይ ብቀጥርዎ አንድ ደንበኛ አይተርፈኝም» አለ።

«አባባ፣ ገበሬው ግን ይቀየመኛል። በሩን ከዘጋብኝ ክትባቱ ይቀራል» አለችኝ ስንወጣ።

«እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

እጇ ሲሽር ሄድን። ከኋላዋ ተፈናጥጬ፣ እኔም ሄልሜት ደፍቼ። የከሰሳት ሰው ደጀኔ ይባላል፤ ፍየሎቹን ሰብስቦ መንገዱ አፋፍ ላይ ይጠብቃል። ሲያየኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አያ፣ ድስት ደፍተው መጡ እንዴ?»

«ድስትም ቢሆን የያዘው ነገር አለው። ያንተን ግን እንጃ።»

ፍየሎቹን ይዘው የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ደጀኔ ወደ ሰናይት ዞሮ እጁን ዘረጋ። ሆን ብሎ ነው፤ ዓይኑ ጓንቷ ላይ ነው። እሷ ቶሎ ብላ ጠፍሩን መፍታት ጀመረች።

«ተይው!» አልኳት። «አንተም ክንዷን ያዝ። ሞተር ላይ ያለ ሰው ክንዱ ነው የሚያዘው።»

«እሱ ደግሞ የማን ሥርዓት ነው?»

ነገርኩት። ከሞተሩ ሳልወርድ፣ እንዳለ፤ የአባቴን ነውር ሳልደብቅ ነገርኩት። ደጀኔ አንገቱን አከከ። ቀስ ብሎ የሰናይትን ክንድ ያዘና «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ... ደህና ነሽ ወይ? እጅሽ ሻረልሽ?» አላት። ከኋላው ያሉትም እየሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ ክንዷን ያዙ። አንዲት አሮጊት «እኔስ ይሄን ባሌ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም» አሉ።

ጋሽ ጌታሁን የት እንደሞተ አላውቅም። ከኛ ዘንድ ቤት አልሠራም፤ ልጅ አላሳደገም። የረጨው ግድግዳ ፈርሷል። የቀረን ይህች ክንድ መያዝ ናት፤ እሷም ልትጠፋብን ነበር።

ፍየሎቹ ተከትበው ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ እረኞች «ሰናይት! ሰናይት!» እያሉ ተጣሩ። ራሷን ብቻ ነቅነቅ አድርጋ እሺ አለቻቸው። ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ነበሩ።