የክሩ አገር

ሰቆጣ የተከራየሁት ክፍል አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ግቢ ውስጥ ነው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህርት ይሉኛል። የሚሠሩት ባና ነው፤ የደጋ ብርድ የማይበሳው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። ጠጉሩን የምትፈትልላቸው ልጃቸው ነበረች። ድርቁ በጎቹን ከጨረሰ ወዲህ ግን ጠጉር ጠፋ፤ አባባም ባሕር ተሻግሮ የመጣ የሱቅ ክር ይሸምኑ ጀመር። ሥራ የፈታችው ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ከደላላ ጋር ተነጋገረች።

በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ መጣ። ባናውን በአገሮቹ የንግድ ስምምነት ጎረቤት አገር ያለ ቀረጥ አስገብቶ ሊሸጥ አስቧል። ልጅቷ «እንጀራ እዚሁ ከተገኘማ ምን አስኬደኝ?» ብላ የቋጠረችውን ጓዝ ፈታች።

ነጋዴው ባናውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ክሩ የየት አገር ነው?» አለ። ሲነግሩት «ያለ ቀረጥ አይገባም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማስረዳት ስለምወድ ለአባባ ምክንያቱን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ።

«አገሮቹ ቀረጥ ላይጠያየቁ የተስማሙት በእነሱው ምድር ለተሠራ ዕቃ ነው። ለጨርቅ ደግሞ እዚህ መሸመኑ ብቻ አይበቃም፤ ክሩም እዚሁ መፈተል አለበት።»

«ስሸምነው አላየሽም?»

«አይቻለሁ አባባ። በሕጉ ግን ባናው የሌላ አገር ነው።»

«እንግዲያ የጡት ልጅ ልጅ አይደለም በይኛ!»

ልጅቷ ከአብራካቸው የወጣች አይደለችም። እናት አባቷ ሲሞቱ ከጎረቤት ወረዳ ከደሃና አምጥተው፣ በአገሩ ወግ አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው በሽማግሌ ፊት አጥብተው ያሳደጓት ናት።

እሷ ግን ሳቀች። «ዝም በሉ አባባ፣ ኋላ እኔንም ቀረጥ ያስከፍሉዎታል!»

ከደሃና ጠጉር ገዝተን እንፍተል ተባለ። ነጋዴው አሰላው። የተረፉት በጎች ጥቂት ናቸውና ጠጉሩ ተወዷል፤ ሕጉን ለማሟላት የሚወጣው ወጪ ከቀረጡ በለጠ። ቀረጡን ከፍዬ ልሽጥ ቢል ደግሞ ትርፉ ቀረጡ ላይ ያልቃል። «አልሆነልንም አባባ» ብሎ ሄደ።

ልጅቷ ጓዟን መልሳ ቋጠረች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። አባባ ከሱቁ ክር የሸመኑትን ባና ጉልበቷ ላይ አለበሷት። ከአውቶብሱ ስንወርድ ጎኗ የተቀመጠች ሴት «የየት አገር ልጅ ነሽ?» ስትላት በመስኮቱ ሰማን።

«የሰቆጣ። የሸማኔው ልጅ ነኝ።»

አባባ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

እንዝርቷ እስካሁን ግድግዳው ላይ እንደተሰካች ናት። አባባ አያነሷትም፣ እኔም የልጅቷን ነገር አላነሳባቸውም።