ለጥላ የተተከለው ባሕር ዛፍ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ የሚመጣው በተራ ነው፤ ተራችን በሚደርስበት ቀን ማለዳ ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ይስልና፣ አየሩን ተፍቶ ሲጨርስ ከሥሩ የተደቀነው ጄሪካን ውስጥ መንዶቅዶቅ ይጀምራል። ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ነው፤ ጄሪካኑ እየሞላ ሲሄድ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ አፉ ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል። እኔ ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ ከየካ ተራራ ሥር ወደነበረው ቤታችን እመለሳለሁ፤ እማዬ ምንጯ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ቀሚሷን በጉልበቶቿ መሐል ሰብስባ፣ በጣሳ እየቀዳች ጄሪካን ስትሞላ ትታየኛለች። ዓይኔን ስገልጥ ግን ያለሁት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ተነስቼ ጄሪካን እቀይራለሁ።

ሥራዬ ስለ ደን፣ ስለ ወንዝና ስለ አፈር መጻፍ ነው። በጋዜጣ ጀምሬ፣ በሬዲዮ አልፌ፣ ኋላ መጽሐፍ ወደ መጻፍ ገባሁ። ሰዎች «ይሄን ሙያ እንዴት መረጥሽው?» ብለው ሲጠይቁኝ ለሰሚ የሚጥም መልስ አላጣም፤ ስለ መጪው ትውልድ ምናምን እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ አልመረጥኩትም፤ ነገሩ የጀመረው ከቤታችን እራት ገበታ ነው።

ቤታችን ከኮተቤ መንገድ ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ወደ የካ በሚዞርበት ተዳፋት ላይ ነበር። ከጓሯችን ጥቂት ከፍ ብሎ ምንጯ ነበረች፤ ከአለት ሥር ብቅ ብላ፣ የድሮ ሰዎች በድንጋይ ባጠሯት ትንሽ ገንዳ ውስጥ ተጠራቅማ፣ ሞልታ ስትተርፍ የእማዬን የጎመን መደብ እያጠጣች ቁልቁል ትወርድ ነበር። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ እደጃችን ድረስ እየመጣ፣ የጎረቤቱን አጥር እየሸፈነ፣ እኛም ጭቃውን በላስቲክ ጫማ እያቦካን ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀበለን የረጠበ ባሕር ዛፍ ሽታ ነበር። ከምንጯ በላይ በግማሽ ክብ የቆሙት እነዚያ ባሕር ዛፎች የአባዬ ነበሩ።

ታሪኩን እማዬ ነበረች የምታወራልን። እንደተጋቡ ሰሞን ምንጯ ዳር ልብስ ስታጥብ ፀሐይ አናቷን ሲያነድዳት አባዬ አይቶ አሳዘነችው፤ ምንም ሳይናገር ሄዶ ችግኝ ተሸክሞ መጣና ለእሷ ጥላ እንዲሆናት ብሎ ዙሪያውን ተከለው። እስኪጸድቅም በጣሳ ውሃ ያጠጣችው ራሷ ነበረች። «የሰው ባል ነጠላ ይገዛል፣ የኔው ዛፍ ተከለልኝ» እያለች ትስቅበት ነበር፤ እሱም የማይሰማ መስሎ ጢሙን ይነካካ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዛፎቹ ከቤታችን ጣራ በላይ ሄደው ነበር።

አባዬ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የምስክር ቃል ሲጽፍ ይውላል። ታዲያ ችሎቱን እቤት ይዞት ይመጣ ነበር። ማታ እራት ሲቀርብ እያንዳንዳችን በዚያ ቀን በገዛ ዓይናችን ያየነውን አንድ ነገር ማዋጣት ነበረብን። የሰማነውን አይደለም፤ ያየነውን። «አየሁ ያለ ምስክር ነው፣ ሰማሁ ያለ ወሬኛ ነው» ይል ነበር፤ ወሬኛ ሆኖ የተገኘ ደግሞ የዚያን ዕለት ሰሃን አጣቢ እሱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሰሃን ሲያጥብ ነው ያደገው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን ማለዳ ጅብ አየሁ ብሎ ገበታውን ሲያሟሙቅ፣ አባዬ ጉርሻውን አስቀምጦ «በየትኛው እግሩ ነበር የሚያነክሰው?» አለው። ዳዊት እንደ ዋዛ «በቀኙ» አለ። «ጅብ ያነከሰ ይመስላል እንጂ አያነክስም፤ ተነስ፣ ሰሃኑ ይጠብቅሃል» አለው።

የእማዬ መዋጮ ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ነበረች፤ አንዲት ወፍ ገንዳው ጫፍ ላይ ክንፏን ስትታጠብ አየሁ፣ ጎመኑ ላይ ቀንድ አውጣ ሲሄድ አየሁ ትላለች። አባዬ እኛን በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያላጋን እሷን ግን ምንም አይጠይቃትም ነበር። «ለእናታችሁ መሐላ አያስፈልጋትም» ይለናል። እኛም የፍቅር ወጉ ነው ብለን እንስቅ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጠራ የእማዬ ወራት ይመጣ ነበር። ጎመኑ ቅጠሉን ዘርግቶ ሲንዠረገግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእቅፍ በእቅፍ አስራ፣ ግማሹን እሷ አዝላ ግማሹን እኔ ተሸክሜ ሾላ ገበያ እንወርዳለን። ደንበኞቿ «የምንጩ ጎመን መጣ» ብለው ነበር የሚቀበሏት፤ አንዳንዷማ ከሌላ አልገዛም ብላ ቆማ ትጠብቃት ነበር። እማዬ እቤት ዝምተኛ ነበረች፤ ሾላ ስትደርስ ግን ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች፣ ሴቱን ሁሉ ታስቃለች። ያቺን የሾላዋን እማዬን ከሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር፤ አሁን ስትናፍቀኝ የምትናፍቀኝ እሷ ናት።

አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት በጋ፣ ቀጋ ለቀማ ተዳፋቱን ስንወጣ ስንወርድ በምንከርምበት ሰሞን፣ ምንጯ መጉደሏን አየሁ። የገንዳው ወለል ላይ ያለው ነጭ ድንጋይ ድሮ እጃችንን እስከ ብብታችን ካልነከርን አይነካም ነበር፤ ያን በጋ አናቱ ደርቆ ወጣ። የእማዬ ጣሳም ውሃ ከመቅዳት ይልቅ ድንጋዩን መፋቅ ጀመረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ እኔ ደግሞ ሆዴ ነገር አይይዝም፣ የዚያን ዕለት ማታ ተራዬ ሲደርስ ዘረገፍኩት።

«ምንጫችን እየደረቀች ነው። ባሕር ዛፉ ነው የሚጠጣት» አልኩ።

እማዬ ጭልፋውን ይዛ ቀረች። አባዬ እንደ ዳኛ ቀና ብሎ «ሲጠጣ አየሽው?» አለኝ።

«ውሃው ሲቀንስ አይቻለሁ።»

«እሱ ይያዝልሻል። ዛፉ ሲጠጣስ?»

«ሰዎች ሲሉ...» ብዬ ሳልጨርስ ዳዊት ከደስታው ብዛት ከመቀመጫው ተነሳ፤ ሰሃኑን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ።

እልኸኛ ነኝ፣ ዛሬም አልተወኝም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ ገንዳው ውስጥ ገባሁና የድንጋዩን ስንጥቅ በእንጨት መጎርጎር ያዝኩ፤ ከውስጡ ቀያይ፣ ቀጫጭን፣ እንደ ሰው ፀጉር የተጉነጎኑ ሥሮች ወጡ። ከላይ ከዛፎቹ ነበር የመጡት፣ እየጎተትኩ ተከትዬ አረጋገጥኩ። እፍኝ ሙሉ ይዤ እየሮጥኩ እማዬ ዘንድ ሄድኩ፤ ማታ ገበታው ላይ ዘርግቼ አባዬን ልረታው ነበር።

እማዬ ሥሮቹን ተቀብላ ለአፍታ ካየቻቸው በኋላ በአጥሩ ላይ አሻግራ ወረወረቻቸው።

«ይሄን ዛፍ ለኔ ብሎ ነው የተከለው» አለችኝ። «እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ምን እንደሆነ አላየሽም? ለጎመን ብዬ ቅስሙን አልሰብርም።»

«ውሃውስ?»

«ውሃ ከቦኖም ይቀዳል። አንቺም ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም።»

የበልጉ ዝናብ ያን ዓመት እንደ ነገሩ ጠብ ጠብ ብሎ ሄደ፤ ገንዳው ባዶውን ቀረ፣ ማታ ማታ ይጮሁ የነበሩት እንቁራሪቶችም ጠፉ። እማዬ ቢጫ የሆነውን ጎመን በሥሩ ነቅላ ለጎረቤት ላም ሰጠችና፣ ጄሪካን አዝላ ቦኖ ወረፋ ትቆም ጀመር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሾላ የወረድነው ባዶ እጃችንን ነበር፤ ሻጭ የነበረችው እማዬ ገዢ ሆና፣ የሌላ ሴት ጎመን እያገላበጠች ዋጋ ጠየቀች። አንዷ ደንበኛዋ አይታት «የምንጩ ጎመን የታለ?» ስትላት «ዕረፍት ወጥቷል» ብላ አሳቀቻት። እስከ ቤት ግን ቃል አልወጣትም። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እየሄድኩ እንባዬ ሲወርድ በክርኔ እጠርግ ነበር።

በዚያ ሳምንት አንድ ማታ የአባዬ ተራ ደርሶ ዝም አለ። ያ ሰው ተራው ደርሶ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይኑን ገበታው ላይ ተክሎ «ዛሬ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ይህን ጊዜ እማዬ ፈጥና ተራውን ወሰደችበት፤ «እኔ ላዋጣ። ዛሬ ከጥላው ሥር ቁጭ ብዬ ነፋሱ እንዴት ደስ ሲል! እንደሱ ያለ ጥላ የካ ውስጥ የለም» አለች። አባዬ ቀና ብሎ አያት፣ ፊቱም ፈታ አለ። እንደ ወጉም ምንም አልጠየቃትም።

እኔ አድጌ ጋዜጠኝነት ተማርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ «ዛፍና ወንዝ ማን ያነብልሻል? አንቺ የምትፈለጊው ዝናብ ሲዘገይ ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ ዝናብ ሲዘገይ ደግሞ በሌሊት ይደውልልኛል። አገር ለአገር ስዞር አንድ ገበሬ «ምንጫችንን ባሕር ዛፍ ጨረሰው» ባለኝ ቁጥር «ሲጠጣ አየሽው?» የሚለው የአባዬ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ስለዚህ እቆፍራለሁ፣ ወቅት ጠብቄ እመለሳለሁ፣ የዛፉንም ወገን እጽፋለሁ። ይህ ዛፍ እኮ የአዲስ አበባን ቤት ያቆመ፣ ወጧንም ያበሰለ ነው፤ ጥፋቱ ያለቦታው መተከሉ ነው። እንዲህ እያልኩ የእንጦጦን ምንጮች አንድ በአንድ ዞሬ መጽሐፍ ጻፍኩ። ስለ ምንጫችንም ጻፍኩ፣ ግን «አንድ አባወራ» ብዬ ነበር ያለፍኩት።

መጽሐፉ ሲወጣ እማዬ አልነበረችም። ቀደም ብሎ፣ በአንድ የካቲት፣ አጭር ሕመም ወሰዳት፤ ለቀስተኛው የተቀመጠውም እዚያው ጥላ ሥር ነበር። ቤቱን አከራይተን አባዬ እኔ ዘንድ ገባ። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ መጽሐፉን አነብለት ጀመር፤ ስለ ምንጫችን የጻፍኩት ምዕራፍ ሲደርስ ፈጠን ፈጠን እያልኩ አነበብኩ።

«ይሄ አባወራ ስም የለውም?» አለኝ።

«አለው።»

«እንግዲያው ይጻፍ።» መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ይወለውል ጀመር። «እኔም አይቼ ነበር። ጠዋት ማታ በዚያ ነው የማልፈው። መጥረቢያዬንም ስዬ ነበር፤ ያን «ዛሬ...» ብዬ ያቆምኩ ማታ ልነግራችሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን ጥላውን እንደምትወደው እናትሽ ራሷ ነገረችን። የሰጠኋትን እንዴት ልቁረጥባት?» ከዚያ ዝግ ብሎ ጠየቀኝ፤ «ትወደው ነበር፣ አይደል?»

አንድ «አዎ» ብል ያ ሽማግሌ ሌሊቱን በሰላም ይተኛል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እውነትን መናገር ለባዕድ ቀላል ነው፣ መተዳደሪያዬም ነው፤ ለአባት ግን ከበደኝ። ግን ይህ ሰው በዓይኑ ያየውን ብቻ ሲያምን የኖረ ሰው ነው፤ በስተርጅናው በውሸት ላባብለው አልቻልኩም። ሥሮቹን ነገርኩት፣ አጥሩን ነገርኩት፣ «ቅስሙን አልሰብርም» ያለችውን ነገርኩት።

ከሥር ታክሲዎቹ መገናኛ እያሉ ይጣራሉ።

«ስንቱ ምስክር ሲጠየቅ ቃሉን ስጽፍ ኖሬ» አለ በመጨረሻ፣ «እሷን ግን አንድ ቀን እንኳ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።» ከዚያ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ዛፎቹን አስቆረጠ። ባሕር ዛፍ ግን ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መገናኛ ወርደን፣ ከዚያ ወደ የካ ተሳፍረን፣ አቀበቱን እየተደጋገፍን እንወጣለን። እሱ በትንሽ መጥረቢያ ቀንበጡን ከጉቶው ላይ እየመታ ይጥላል፣ እኔ በመሐሉ የተከልናቸውን የጽድና የወይራ ችግኞች እኮተኩታለሁ። ገንዳው በክረምት ይረጥባል፣ በበጋ ይደርቃል፤ ምንጯ ትመለስ አትመለስ ገና አናውቅም። ጉቶው ላይ ቁጭ ብለን ስለ እሷ እናወራለን፤ ምን ይጣፍጣት እንደነበር፣ ምን ያስከፋት እንደነበር፣ እኔ የማውቀውን ለእሱ፣ እሱ የሚያውቀውን ለእኔ፣ አንዱ ሌላውን እየጠየቀ፣ ምንም ሳንደብቅ። ያኔ ውሃውም ነበረ፣ እማዬም ነበረች፤ የጎደለን አንድ የእውነት ቃል ብቻ ነበር። ዛሬ ቃሉ አለን።