ከወለሉ ሥር የቀረው መፍቻ

ሰውየው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል፤ ብሎን ሲያጠብቅ እጁ ከልክ አያልፍም፣ ከልክም አያንስም ለማለት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የቅርብ ጓደኛው ነበር። እሱን ደግሞ ሰው ሁሉ «ቀልዴ» ይለዋል፤ ምክንያቱ አንድ ቀን አብሮት ለዋለ ሰው ግልጽ ነው። ሁለቱ ከአንድ ማሠልጠኛ ተመርቀው፣ በአንድ ትልቅ አየር መንገድ አሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተው፣ ኋላም ተያይዘው ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ወዳሉት የግል ድርጅት ገቡ።

በትልቁ መሥሪያ ቤት ጎማ የሚቀይር ጎማ ይቀይራል፤ ሞተር የሚያይ ሞተር ያያል። እዚህ ግን ሁለት ሰው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ያለውን ሁሉ ይነካል። ካፒቴኗ ራሷ ሻንጣ ትመዝናለች፣ መንገደኛ ታስቀምጣለች፣ በረራ በሌለ ቀንም እጅጌዋን ሰብስባ መስታወት ትወለውላለች። በዕድሜ ስለምታንስ ሚዛንን «ጋሼ» ትለዋለች፤ ግን እንደ ቤተሰብ «አንተ» እያለች ነው። ሞተር ከማስነሳቷ በፊት ሁልጊዜ በትንሿ መስኮት ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ልሂድ?» ትላለች። እሱም «ሂጂ፣ የኔ እህት» ይላል። ከደመወዙ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ደስ ትለው ነበር።

ነገሩ የሆነው አንድ ሐሙስ ነው። ሰፈሩ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙያ ቀን አዘጋጅቶ፣ ሚዛን ስለ አውሮፕላን ጥገና ለተማሪዎች እንዲናገር ጋብዞታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። ሳምንቱን ሙሉ ንግግሩን ሲጽፍና ሲሰርዝ ከርሟል። ባለቤቱ ሸሚዙን ተኩሳ በመስቀያ ሰጥታዋለች፤ ክራቫቱን ኪሱ ውስጥ ጠቅልሎ ነው ሥራ የገባው።

ያን ቀን ከሦስቱ አንዷ አውሮፕላን በየመቶ ሰዓቱ የሚደረገው ምርመራ ላይ ነበረች። የኋላ ወንበሮቿ ወጥተዋል፤ የወለሉ ክዳን ተነስቷል። ከሥሩ፣ ከአብራሪዋ መሪ ተነስቶ እስከ ጅራት የሚሄደው ገመድ ይታያል፤ መሪው ሲሳብ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና የሚያደርገው እሱ ነው። ሚዛን በደረቱ ተኝቶ፣ ገመዱ የሚዞርበትን መዘውር ማሰሪያ በአስር ቁጥር መፍቻ አጠበቀ። ቀና ብሎ ሰዓቱን ሲያይ ስምንት ተኩል ሆኗል። ብድግ ብሎ ወደ መታጠቢያ ክፍል ሮጠ።

ክራቫቱን አስሮ ሲመለስ ቀልዴ የአውሮፕላኗ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«ኧረ ሙሽራው! ሚዜ አልተፈለገም?» አለው። «ሂድ በቃ፣ ትዘገያለህ። እኔ ዘግቼ እፈርማለሁ። ውስጡን አይተኸዋል?»

ደንቡ የታወቀ ነው። ክዳን ከመዘጋቱ በፊት ውስጡ በባትሪ ይታያል፤ መሣሪያ ይቆጠራል። ሚዛን ሁለቱንም አላደረገም።

«አይቼዋለሁ፤ ዝጋው» አለና ወጣ።

ንግግሩ አማረለት። «እኛ ሙያ ውስጥ ‹ረሳሁ› የሚባል ቃል የለም» አላቸው ተማሪዎቹን። «መኪና ቢበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል። ሰማይ ግን ዳር የለውም።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «እርስዎ ተሳስተው ያውቃሉ?» ስትለው፣ ፈገግ ብሎ «እስከ ዛሬ እንኳ የለም» ብሎ መለሰላት። እንደገና ተጨበጨበለት።

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴኗ ስድስት መንገደኞች ይዛ በዚያችው አውሮፕላን ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሚዛን ሃንጋሩ በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። አውሮፕላኗ ወደ ማኮብኮቢያው ስትወርድ አፍንጫዋ ቀና ማለት ሲገባው አልል አለ። ከዚያ ድንገት ቀና አለ፣ መልሶ ወረደ፣ ጎማዎቹ መሬቱን በኃይል መቱት። ነጥራ ተመልሳ ወደቀች፤ ግን ቀጥ ብላ ሮጠች፣ ቆመችም።

መንገደኞቹ በደህና ወረዱ፤ አንዲት እናት ብቻ እያለቀሱ ነበር። ካፒቴኗ ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ከወንበሯ ለመነሳት ጊዜ ወሰደባት። የጥገና ክፍል ኃላፊው ሮጦ ሲደርስ «መሪው እጄ ላይ ተቀረቀረ» አለችው። «ወደፊት ገፍቼ መልሼ ብስበው ነው የለቀቀኝ።»

ኃላፊው የወለሉን ክዳን በገዛ እጁ ፈታ። ሚዛንና ቀልዴ ከጎኑ ቆመዋል። እጁን ከመዘውሩ ሥር ሰዶ አንድ አስር ቁጥር መፍቻ አወጣ።

«ማን ዘጋው?»

«እኔ» አለ ቀልዴ።

«ሳታየው ነው የዘጋኸው?»

ቀልዴ ዞር ብሎ ሚዛንን አየው። ሚዛን ጫማውን አየ።

«የፈረመ አየ ማለት ነው» አለ ቀልዴ ቀስ ብሎ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ሚዛን ያኔ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ኃላፊው ሰኞ የሁሉም መሣሪያ ሳጥን እንደሚፈተሽ ተናግሮ ሄደ። ሚዛን ማንም ሳያየው ሳጥኑን ከፈተ፤ የአስር ቁጥሯ ቦታ ባዶ ናት። እንደምትሆንም ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከሚኖርበት ሰፈር ራቅ ብሎ፣ ማንም ወደማያውቀው የመሣሪያ ሱቅ ሄዶ አንድ አስር ቁጥር መፍቻ ገዛ። በጣም ታብለጨልጫለች። በጓሮ በኩል ቁጭ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋት፣ የተቃጠለ ዘይት ቀባት፣ አፈር ላይ አንከባለላት። ባለቤቱ በመስኮት «ምን እየሠራህ ነው?» ብትለው «ዝገት እያስለቀቅኩ» አላት። ሃያ ሰባት ዓመት አሮጌውን አዲስ ሲያደርግ የኖረ እጅ፣ ያን ቀን አዲሱን ሲያስረጅ ዋለ።

ሰኞ የሚዛን ሳጥን ሙሉ ሆኖ ተገኘ። የቀልዴ ሳጥን ውስጥ ግን የአስር ቁጥሯ ቦታ ባዶ ነበረች። ቀልዴ እስኪበቃው አያት። መቼ እንደጠፋችበት አያስታውስም፤ ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ጎንበስ ብሎ አንዲት ብሎን መንካቱን ግን ያስታውሳል።

«በቃ የኔ ናት» አለ። የምር አመነው። ከሥራ ታግዶ ቤቱ እንዲቀመጥ ተነገረው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ሚዛን ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ሠራ። ካፒቴኗ አሁንም በመስኮት ብቅ እያለች «ጋሼ፣ ልሂድ?» ትለዋለች፤ እንዲያውም ከድሮው በበለጠ እምነት። እሱም «ሂጂ» ይላል፤ «የኔ እህት» ግን አይጨምርም። በዘጠነኛው ቀን አላስቻለው አለና ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቶ ወደ ቀልዴ ቤት ሄደ፤ ሊነግረው።

ቀልዴ ጢሙ አድጓል። ብርቱካኑን ተቀብሎ እየላጠ «አየህ ወንድሜ» አለው፣ «ሰባት ነፍስ ልጨርስ ነበር'ኮ። ልጆቼ ‹አባዬ ለምን ሥራ አትሄድም› ሲሉኝ ፊታቸውን ማየት ያቅተኛል። የጥገና ፈቃዴን ለሰጠኝ መሥሪያ ቤት ልመልስ ነው፤ ስልክ እየጠገንኩ እኖራለሁ። ስልክ ቢበላሽ ሰው አይሞትም። ለኃላፊውም ነግሬዋለሁ፣ ሚዛን የለበትም ብዬ። ደግሞ በኔ ጦስ ያንተ ስም እንዳይነሳ!»

ሚዛን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ በልቡ። ቀልዴ ያቀበለውን ብርቱካን በላ። «አይዞህ» ብሎት ወጣ። «አይዞህ» ማለቱ ነው እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረው።

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ፊቱን አይታ ምን ሆነሃል አለችው። ዘረገፈላት፤ ጓሮ የፈተጋትን መፍቻ ሳይቀር። ትጮህብኛለች ብሎ ነበር፤ አልጮኸችም። ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ትሪውን ከጭኗ ላይ አንስታ አስቀመጠችው።

«እና ያንተን ኀፍረት እሱ ይፈርልህ?» አለችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ትሪውን አንስታ መልቀሟን ቀጠለች።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባና ካፒቴኗም እንድትጠራለት ለመነ። ሁለቱ ፊት አሮጌ ያስመሰላትን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ከሐሙሱ ክራቫት ጀምሮ እስከ ብርቱካኑ ድረስ ሳይዘል ተናገረ። ኃላፊው ብዕሩን ሲያገላብጥ ቆየ። ካፒቴኗ መፍቻዋን አነሳች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት።

«መርሳት ያለ ነው» አለች። «እኔም እረሳለሁ፤ ለዚህ ነው ሁለታችንም እያየን ምልክት የምናደርግበት ዝርዝር የተሰጠን። ይቺን ሲፈትጓት ግን ምን እያሰቡ ነበር?»

‹ሲፈትጓት› ነው ያለችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ጋሼ» ቀረ፤ «አቶ» እና «እርስዎ» ገቡ። አክብሮት እንዲህ ሊያቆስል እንደሚችል ሚዛን አያውቅም ነበር። ስለ ራሱ ስም ብቻ እያሰበ ነበር፤ ይህ ደግሞ የሚነገር መልስ አይደለም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ቀልዴ ሄደ። በሩ ላይ እንደቆመ ነገረው። ቀልዴ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ብርቱካኑን በላሁት'ኮ» አለው። «እያመሰገንኩህ።» በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኃይል ቢደረግመው ይሻል ነበር።

ኃላፊው ሚዛንን አላባረረውም፤ ራሱ መጥቶ ስለተናገረ ነው አለ። ግን የመፈረም ሥልጣኑን ለሁለት ዓመት ተነጠቀ። የሠራውን ሁሉ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርማል፤ የሚፈርመውም ቀልዴ ሆነ። ቀልዴ ወደ ሥራው በተመለሰ ዕለት ሃንጋሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አቀፈው። ከሚዛን ጋር የሚነጋገረው ስለ ሥራ ብቻ ነበር፤ «መብራቱን ያዝልኝ»፣ «ይቺን እንደገና እያት»። ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም። ሚዛንም ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ሁለት ጊዜ ስለ ዘይት ማጣሪያ አወራ።

ሁለት ዓመቱ አልፎ ፊርማው ሲመለስለት ቀልዴ ወደ ሌላ የግል ድርጅት ተዛወረ። አንዳንድ ሰው «በሱ ምክንያት ነው» አለ፤ ሌላው «የተሻለ ቦታ አግኝቶ ነው» አለ። ሚዛን አልጠየቀም።

ባለፈው ዓመት የአውሮፕላን ጠጋኞች የሙያ ፈቃድ ማደሻ ሥልጠና ላይ ተገናኙ። ሚዛን ቀድሞ ገብቶ ከኋላ ተቀምጧል። ቀልዴ ዘግይቶ መጣ፤ ሌላም ባዶ ወንበር ነበረ፣ ግን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። በእረፍት ሰዓት ሻይ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለው ቀልዴ።

«ይነዝረኛል። አንተስ?»

«የኔም ጀምሮታል። ወለል ላይ መተኛት ነው የጨረሰን።»

ሚዛን ብርጭቆውን ሁለት እጁ ውስጥ ይዞ «ያን ጊዜ...» ብሎ ጀመረ። ቀልዴ በእጁ ከለከለው፤ በቁጣ አይደለም። «ሻይህን ጠጣ» አለው። ጠጡ። ደወል ሲደወል ቀልዴ ቀድሞ ገባ፤ ሚዛን ትንሽ ቆይቶ ተከተለው።