የሥርጉት ጉንጭ

ሥርጉትን ለማወቅ መጀመሪያ እናቷን ማወቅ ያስፈልጋል። እትዬ ውዴ የጎርጎራ ሰው ነበሩ። ባላቸውን መሪጌታ ወልደ ጻድቅን ቀበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወንድ ልጃቸውን ገድሉን ቀበሩ። ገድሉ "ደህና ነኝ እማዬ" እያለ ነው ያለቀው። እሳቸው ግን ጉንጩ ሲጎደጉድ አይተው ከሐኪሙም በፊት አውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ሥርጉት ከምትሠራበት ከባሕር ዳር ሐይቁን ተሻግራ በሄደች ቁጥር ገና ከደጅ ሳትገባ ጉንጯን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ጫን ጫን ያደርጉታል። "አፍ ይዋሻል፤ ጉንጭ ግን አይዋሽም" ይላሉ። ሞልቶ ካገኙት ደስ ብሏቸው ይከርማሉ።

እኔና ሥርጉት አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ ሬጅስትራር ቢሮ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስድስት ዓመት ሠርተናል። በዕድሜ ስለምበልጣት "እታለም" ትለኛለች። ሳልጠየቅ መምከር የምወድ ሰው ነኝ፤ የዚህን ታሪክ ግማሽ ጥፋትም የምሸከመው እኔ ነኝ።

ሥርጉትን ሳንባ ነቀርሳ ያዛት። ስድስት ወር መድኃኒቷን ሳታዛንፍ ዋጠችና ዳነች። ክንዷም ወገቧም ተመለሰ። ጉንጯ ግን እንደጎደጎደ ቀረ። ለእናቷ መታመሟን አልነገረችም፤ በስልክ "ሥራ በዛብኝ፣ መንገዱም አይታመንም" ትላቸዋለች። መንገዱ እውነትም የማይታመንበት ጊዜ ነበርና ውሸቱ ተመቻት።

"ለምን ሄደሽ ታምሜ ዳንሁ አትያቸውም?" አልኋት።

"ገድሉም ደህና ነኝ ብሏት ነበር እኮ፣ እታለም። በዚህ ፊት ብሄድ ታምነኛለች? ልቧ ቀጥ ነው የሚል። ጉንጬን ሞልቼ ነው የምሄደው።"

መጀመሪያ በምግብ ሞከርን። አብሹም ተልባውም ዳሌዋ ላይ ወጣ እንጂ ወደ ላይ አልደረሰም። በመጨረሻ አንድ የቆዳ ክሊኒክ አብረን ገባን። ዶክተር ቃለ ሕይወት የሚባል ትዕግሥተኛ ሐኪም መስታወት አስይዞ አስረዳት። አንደኛው መንገድ በመርፌ የሚገባ ፊለር የሚሉት ጄል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ዓመት ገደማ ቆይቶ ይጠፋል። ሁለተኛው ከራሷ ጭን ስብ ወስዶ ጉንጯ ውስጥ መክተት ነው፤ ግን ከፊሉ ሟሙቶ ይቀራል፣ ምን ያህሉ እንደሚጸናም አስቀድሞ አይታወቅም። ሦስተኛው ሲሊኮን ነው፤ በአፍ በኩል ተቀዶ አጥንቱ ላይ ይቀመጣል፣ ቋሚ ነው። ለኋለኞቹ ሁለቱ አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል።

"አለመነካትም አንድ ምርጫ ነው። ጤነኛ ነሽ" አላት ሲጨርስ። ማን ሰማው!

ምርጫው ሦስት ወር ፈጀ። ምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሌላ ወሬ የለንም። ሲሊኮኑን ፈራችው፤ "እማዬ ስትጫነው ድንጋይ ቢሆንባትስ?" አለች፤ እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም። ልቧ ወደ ስቡ ነበር። "የራሴ ሥጋ ነው፤ ብትነካው እኔኑ ነው የምትነካ" ትላለች፤ ደግሞ ሟሙቶ አንዱ ጉንጭ ከሌላው ቢያንስ ብላ ትተወዋለች። በዚህ መሀል እትዬ ውዴ ይደውላሉ። "ልጄ፣ ዛሬም ጀልባ መጥቶ ነበር፤ አንች የለሽበትም" ይሏታል። ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ለገና እንድትደርስ ብላ ፊለሩን መረጠች።

ጉንጯ ሞላ። መስታወት አይታ እንደ ልጅ ዘለለች። ግን በአንድ በኩል አብጦ በልዞ ነበር፤ ሐኪሙም ሁለት ሳምንት ማንም እንዳይጫነው አዘዘ።

"ነገ ልሂድ፤ አትንኪኝ እላታለሁ" አለችኝ።

"እናት ጉንጭ እንዳትነካ ይከለከላል? በልዞ ቢያዩትስ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይህን ያህል የቆየሽ ሁለት ሳምንት ምን አለሽ?" አልኋት። ሰማችኝ። ምነው ባልሰማችኝ!

በአሥረኛው ቀን የእትዬ ውዴ ጎረቤት አገርነሽ ለእኔ ደወለች። መርዶ በስልክ አይነገርምና ለሥርጉት አልደወለችም። ልባቸው ድንገት ቀጥ ብሏል። በማግስቱ ማለዳ ከባልደረቦቻችን ጋር በሯን አንኳኳን፤ ከፍታ ሁላችንንም አየችን፣ ማንም አፉን ሳይከፍት እዚያው ተቀመጠች።

ጎርጎራ ስንደርስ ቀብሩ አልፎ ሠልስቱ ነበር። ሴቶቹ ጉንጯን እየሳሙ አለቀሱላት። አንዷ ዘወር ብላ፣ "እናቷ በናፍቆት ስታልቅ እሷስ ደልቷት ኑራለች፤ ጉንጯን አታይም?" ስትል ሰማሁ። ሥርጉትም ሰማች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ሰው ሲቀንስ አገርነሽ ወደ ጓዳ ጠራችንና አንድ ማሰሮ ቅቤ አሳየችን።

"የአንች ነው። ለገና ብለው ያስቀመጡት። ከባሕር ዳር የመጣ ነጋዴ ከስታ አየኋት ብሏቸው ነበር።"

ሥርጉት ከማሰሮው ቀና አለች። "ታውቅ ነበር? ለምን አልነገረችኝም?"

"አፍራ ነው የቀረች፣ አላሳፍራትም ብለው። 'ከስታም ብትሆን ትምጣልኝ፤ ጉንጯን እኔ እሞላዋለሁ' ይሉ ነበር። ጀልባ በመጣ ቁጥር ወርደው ይጠብቁሽ ነበር እኮ።"

ጄሉ ሐኪሙ እንዳለው ዓመት ቆየ። ለሙት ዓመቱ ስንሄድ ጉንጯ ወደ ቀድሞው ጉድጓድ ተመልሷል። ያ የምክር አመሌ አልለቀቀኝምና ጀልባው ላይ፣ "ስንመለስ ይታደስልሽ?" አልኋት።

"ማን ሊነካው፣ እታለም?" አለችኝ።